የዲላ ቤት ኪራይ፦ ክፍያው በቅድሚያ፣ ጭቅጭቁ በኋላ

ጥቅምት ሲገባ ዲላ ላይ የሚሟሟቀው የቡና ገበያ ብቻ አይደለም። ሰብሳቢው፣ አቅራቢው፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ በእሸት ቡና ማጠቢያ የሚቀጠረው ሠራተኛ፣ ሁሉም አንድ ክፍል ቤት ይፈልጋል። የዩኒቨርሲቲው መምህርና የማታው ተማሪም የትምህርት ዘመኑ ሲከፈት ከዚያው ወረፋ ውስጥ ይገባሉ። የደላላው ስልክ አያርፍም። ቤቱ ከታየ፣ የውኃውና የመብራቱ ነገር ከተጠየቀ፣ የወሩ ኪራይም ከተነገረ በኋላ የምትከተለዋ ጥያቄ ግን አንድ ናት፤ «ስንት ወር በቅድሚያ ይከፍላሉ?»

መልሱ ሦስት ወር ሊሆን ይችላል፤ ስድስት ወርም ሊሆን ይችላል። ለንግድ ቤት ዓመት ሙሉ መጠየቅም እንግዳ ነገር አይደለም። ገንዘቡ በሚቆጠርበት ሰዓት አከራዩም ተከራዩም ደላላውም ደስተኞች ናቸው። ጭቅጭቁ የሚጀመረው ዘግይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ወር ካለፈ በኋላ ነው። ተከራዩ ሥራ ተቀይሮ ሊወጣ ሲፈልግ «ቀሪውን መልሱልኝ» ይላል፤ አከራዩ «የገባ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። ወይም አከራዩ ኪራይ ልጨምር ይላል፤ ተከራዩ «ስድስት ወር ከፍዬ የለም ወይ?» ብሎ ይነሣል።

ይህ ጭቅጭቅ የጠባይ ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል። አከራይ ስግብግብ፣ ተከራይ ከዳተኛ እየተባለ በየግቢው ይወራል። ነገሩን በነጋዴ ዐይን ላየው ሰው ግን ሌላ መልክ አለው። ቅድሚያ ክፍያ ማለት ተከራይ ለአከራይ የሚሰጠው ብድር ነው። ወለድ የለውም፤ ዋስ የለውም፤ በብዙ ግቢ ውስጥ ደግሞ ወረቀትም የለውም። ለቡና ቀብድ ሲሰጥ ኪሎውን፣ ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን አስጽፎ የሚፈራረም ነጋዴ፣ የግማሽ ዓመት ኪራይ ሲከፍል ግን ቁልፍ ብቻ ተቀብሎ ይሄዳል።

ገበያው የተጣበበበት ምክንያት

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከዋና ከተማዋ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። የይርጋጨፌ ስም የገነነበት የታጠበ ቡና በዚሁ መንገድ ይወርዳል። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 33,734 ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 59,150 ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ብሔራዊ ቆጠራ ባይካሄድም ከተማዋ ባለችበት እንዳልቆመች ዳር ዳሩን የዞረ ሁሉ ያያል።

ለዚህ ዕድገት ሦስት ምክንያቶች በግልጽ ይታያሉ። አንደኛው ገጠሩ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጌዴኦ ዞን 847,434 ሰው ነበረው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ሲሰላ 700 ሰው ያህል ማለት ነው። ዋርካና ብርብራን ከመሳሰሉ ጥላ ዛፎች ሥር እንሰትና ቡና አጣምሮ የሚያለማው የጌዴኦ ገበሬ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ መልክዓ ምድር ባለቤት ነው። ነገር ግን ማሳው ለልጅ ልጅ እየተከፋፈለ ጠቧል። ድርሻው ያነሰው ወጣት ወደ ወናጎ፣ ወደ ይርጋጨፌ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ ዲላ ይወርዳል።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ነው። በ1989 ዓ.ም. የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም በ1999 ዓ.ም. ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲና ሪፈራል ሆስፒታል ያለበት ከተማ ደመወዝተኛ ተከራይ አያጣም። ሦስተኛው አዲሱ የክልል አደረጃጀት ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት የክልሉ መሥሪያ ቤቶች በስድስት ከተሞች ተከፋፈሉ፤ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላና ካራት። ተዛውሮ የመጣ የቢሮ ሠራተኛ ቤት ሠርቶ አይመጣም፤ ተከራይቶ ይጀምራል።

ፈላጊው ሲበዛ ውድድሩ በወር ኪራይ ብቻ አይቆምም። ሁለት ሰው አንድ ቤት ሲፈልግ፣ በአንድ ዋጋ ከተስማሙት መካከል ቤቱን የሚያገኘው የብዙ ወር ገንዘብ በአንዴ የሚቆጥረው ነው። ቅድሚያ ክፍያ ወደ ጨረታ የሚለወጠው በዚህ መንገድ ነው።

ከቀበሌ ቤት እስከ ኮንዶሚኒየም

የቤት ኪራይ ሲነሣ የመንግሥት ቤትን መዝለል አይቻልም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። የኪራይ ዋጋም በመቶኛ እየተሰላ ተቀነሰ። በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ የቅድሚያ ጥያቄ አልነበረም። ነዋሪው በየወሩ ከፍሎ ደረሰኙን ይይዝ ነበር።

ችግሩ የመጣው የቀበሌ ቤት ኪራይ ባለበት ቆሞ የገበያው ኪራይ ሲያሻቅብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለአንዳንዱ ነዋሪ የገቢ ምንጭ ሆነ። ከቤቱ አንዱን ክፍል፣ አንዳንዴም ቤቱን በሙሉ፣ ለሌላ ያከራያል፤ ቅድሚያውንም ይቀበላል። የቀበሌ ቤት ለሦስተኛ ወገን ማከራየት የተከለከለ በመሆኑ ወረቀት አይጻፍም፤ ቢጻፍም «ዘመዴ ነው» ተብሎ ነው። የቤቶች አስተዳደር ደርሶበት ቤቱን ሲያስለቅቅ፣ ባዶ እጁን የሚቀረው የስድስት ወር የከፈለው ሰው ነው። ከሳሽ ልሁን ቢል ራሱ የገባበት ነገር ሕጋዊ አይደለም።

በኮንዶሚኒየም በኩል ደግሞ ሒሳቡ የተለየ ነው። የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ሲዘረጋ፣ ዓላማው ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ነዋሪ የቤት ባለቤት ማድረግ ነበር። በ20/80 የወጣለት ሰው የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ቀድሞ ይከፍላል፤ ቀሪውን 80 በመቶ ከባንክ ጋር ተዋውሎ በረጅም ጊዜ ይመልሳል። ቤቱ የሚረከበው የውስጥ ሥራው ሳያልቅ ነው። ወለሉ፣ ቀለሙ፣ የወጥ ቤቱ ዕቃ የባለቤቱ ዕዳ ነው። ፕሮግራሙን ያጠናው ዩኤን ሀቢታት እንደመዘገበው፣ የባንኩን ወርኃዊ ክፍያ መቋቋም ያልቻለ ብዙ ባለዕጣ ቤቱን አከራይቶ እሱ በርካሽ ቤት ይኖራል።

እንዲህ ያለው አከራይ ቅድሚያ የሚጠይቀው ስለከበረ ሳይሆን ስለተቸገረ ነው። የተከራዩ የስድስት ወር ገንዘብ ወለሉን ያስነጥፋል፤ የባንኩን ውዝፍ ይዘጋል። ገንዘቡ በተቀበለ በሳምንቱ ስሚንቶና ሴራሚክ ሆኗል። ተከራዩ በሦስተኛው ወር «ልወጣ ነው፣ ቀሪውን መልስ» ሲለው ቢወድም የሚመልሰው የለውም። ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ክፍል ጨምሮ የሚያከራየው የዲላ ነዋሪም ዕጣው ከዚህ አይለይም። ባንክ ለአንድ ሰርቪስ ክፍል አያበድረውም፤ የሚያበድረው ተከራዩ ነው።

ብድሩ ስንት ያወጣል?

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለስሌት እንዲመች የወር ኪራይ 5,000 ብር ይሁንና ቅድሚያው ስድስት ወር ይሁን። ተከራዩ በመጀመሪያው ቀን 30,000 ብር ይቆጥራል። የመጀመሪያው ወር ኪራይ ለማንኛውም የሚከፈል ነው። የቀሩት አምስት ክፍያዎች ግን ቀናቸው ሳይደርስ የተከፈሉ ናቸው፤ አንዱ በአንድ ወር፣ ሌላው በሁለት፣ እያለ የመጨረሻው በአምስት ወር ይቀድማል። ሲደመር 5,000 ብር ለ15 ወር እንደማበደር ነው።

ገንዘቡ ዝም ብሎ በዓመት 7 በመቶ ወለድ በሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ተቀምጦ ቢሆን ተከራዩ ያጣው 437 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። ደመወዝተኛው ይህን ያህል አይጎዳም። በቡናው ወቅት ገንዘቡን እያገላበጠ በወር 5 በመቶ የሚያተርፍ ሰብሳቢ ከሆነ ግን 3,750 ብር አጥቷል። ቅድሚያውን ለመሙላት በወር 10 በመቶ አራጣ የተበደረ ሰው ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ 7,500 ብር ነው። የአንድ ወር ተኩል ኪራይ ተጨማሪ ከፈለ ማለት ነው። «ዋጋው 5,000 ነው» ተብሎ የተከራየው ቤት በእርግጥ በወር 6,250 ብር ወጥቶበታል።

በሌላ በኩል ተከራዩም የሚያገኘው ነገር አለ። ዋጋ በሚንርበት ዘመን የስድስት ወር ኪራይ ዛሬ በተወሰነ ዋጋ መክፈል የዋጋ ዋስትና ነው። የሀገሪቱ የዋጋ ግሽበት በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. 36.6 በመቶ ደርሶ ነበር። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅም የብዙ ዕቃ ዋጋ ተናግቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀድሞ የከፈለ ተከራይ ጎረቤቱ ሲጨመርበት እሱ አይነካም። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን አከራዩ ቃሉን የጠበቀ እንደሆነ ነው። በአራተኛው ወር «ዋጋው ተለውጧል፤ የከፈልከው ለአምስት ወር ብቻ ይበቃል» ከተባለ ዋስትናው ፈረሰ። ብዙው ጠብ የሚነሣውም እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ገንዘብ፣ ሦስት ስም

ጭቅጭቁን የሚያባብሰው ሌላው ነገር የስም አለመለየት ነው። በአንድ ቀን የተቆጠረ ገንዘብ ቅድሚያ ኪራይ ሊሆን ይችላል፤ መያዣ ሊሆን ይችላል፤ ቀብድም ሊሆን ይችላል። ሦስቱ አንድ አይደሉም።

ቅድሚያ ኪራይ የወደፊት ወራት ክፍያ ነው፤ ወሩ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። መያዣ ግን ለተሰበረ መስኮት፣ ላልተከፈለ መብራትና ውኃ የሚያዝ ነው፤ ተከራዩ ቤቱን በደህና ሲያስረክብ ይመለስለታል። ተከራይ «የመጨረሻውን ሁለት ወር በመያዣው እኖራለሁ» ብሎ ሲያስብ፣ አከራይ «መያዣው ለብልሽት ነው፤ ኪራዩን አምጣ» ይላል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ብር ተቀብያለሁ» ብቻ ከሆነ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ተሳስተዋል።

ቀብድ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የራሱን ደንብ ያወጣለት ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ገንዘቡን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቤቱ እስኪጸዳ ተብሎ በደላላ እጅ የሚሰጥ ገንዘብ «ቀብድ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ቤቱን ለተሻለ ከፋይ አሳልፎ የሰጠ አከራይ እጥፍ ሊጠየቅበት ይችላል። ስም ሳይወጣለት የተሰጠ ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ ደላላውም አከራዩም «እኔ አልተቀበልኩም» የሚሉት ገንዘብ ነው።

ባለቤትነቱ በሌላ እጅ የሆነ ቤትም ጣጣው ብዙ ነው። ባለቤቱ በውጭ ሀገር ሆኖ ዘመድ የሚያከራየው፣ ከሟች የተረፈ ገና ያልተከፋፈለ፣ ለሽያጭ የቀረበ ቤት ሊሆን ይችላል። ቅድሚያውን አንዱ ይቀበላል፤ «ውጣ» የሚለው ሌላው ነው። ውክልናውን ወይም የቤቱን ካርታ ሳያይ የስድስት ወር የከፈለ ተከራይ ገንዘቡን ያበደረው ለማያውቀው ሰው ነው።

ሕጉ የሚለው

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሕጉ ሳይሆን ከገበያው የመጣ መሆኑ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ የቤት ኪራይ የሚከፈለው በጊዜው መጨረሻ እንደሆነ ያስባል፤ ለዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ውል በየሦስት ወሩ መጨረሻ፣ ለአጭር ውል በየወሩ መጨረሻ። ሕጉ አበዳሪ ያደረገው አከራዩን ነበር። ገበያው ገልብጦ ተከራዩን አበዳሪ አደረገው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ነገሩን መልሶ ወደ መካከል አምጥቶታል። በአዋጁ መሠረት ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በተቆጣጣሪው አካል ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም ተቆጣጣሪው በየዓመቱ ከሚያወጣው መጠን ማለፍ የለበትም። አዲስ አበባ ምዝገባውን በሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምራለች። በክልል ከተሞች ግን አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ቦታዎች ነው። በመሆኑም በዲላ፣ በወናጎም ሆነ በይርጋጨፌ ውል የሚፈራረም ሰው አስቀድሞ የከተማውን የቤቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል።

ከላይ በተያዘው ስሌት፣ ጣሪያው ሁለት ወር ሲሆን ተከራዩ በመጀመሪያው ቀን የሚቆጥረው 10,000 ብር ነው። ቀሪው 20,000 ብር በእጁ ይቆያል። በጥቅምት ወር 20,000 ብር በእጁ ያለውና የሌለው የቡና ሰብሳቢ ልዩነታቸው ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። አከራዩ በበኩሉ ያን ገንዘብ ያጣል፤ ክፍል ለመጨመር ያሰበውን ሊያዘገይ ይችላል። በባንክ የሚገባ ኪራይ ለግብር ሰብሳቢው ስለሚታይም ብዙ አከራይ አይወደውም።

አደጋው ያለው ከዚህ ላይ ነው። በውሉ ላይ «ሁለት ወር» ተጽፎ በእጅ ስድስት ወር የተቆጠረ እንደሆነ፣ የአራቱ ወር ገንዘብ ማስረጃ የለውም። ከሳሽ ሆኖ ቢቀርብ የራሱ ፊርማ ይመሰክርበታል። ድሮ ወረቀት የሌለው ተከራይ ቢያንስ በምስክር ሊሟገት ይችል ነበር፤ የሐሰት ወረቀት የያዘው ግን በገዛ ወረቀቱ ይረታል። እንዲህ ያለ ውል የሚያስማማ ደላላ ለሁለቱም ወዳጅ አይደለም።

ሱቁስ?

ነጋዴው በተለይ ሊያውቀው የሚገባው አዋጁ የመኖሪያ ቤትን ብቻ የሚመለከት መሆኑን ነው። ሱቅ፣ መጋዘን፣ የቡና ማከማቻ፣ ምግብ ቤት በዚህ ጣሪያ ሥር አይገቡም። በአውራ ጎዳናው ዳር ያለ ሱቅ ባለቤት የዓመት ቅድሚያ ቢጠይቅ በአዋጁ አይከለከልም። በንግድ ቤት ላይ ጥበቃው ውሉ ብቻ ነው። ደንበኛ ያፈራ ሱቅ ደግሞ ከመኖሪያ ቤት ይልቅ ለመልቀቅ ይከብዳል። መደርደሪያ ያሠራ፣ ቆጣሪ ያስገባ፣ ስም ያወጣ ነጋዴ ውሉ ሲያልቅ የሚጠየቀውን ሁሉ ለመክፈል ይገደዳል። ስለዚህ ለንግድ ቤት የዓመት ቅድሚያ የሚከፍል ሰው ሦስት ነገር ማስጻፍ ይጠቅመዋል፤ ከዓመቱ በኋላ ያለው ጭማሪ ከምን ያህል እንደማይበልጥ፣ ቤቱ ቢሸጥ ያልተኖረበት ወር ገንዘብ ከማን እንደሚመለስ፣ ያሠራው ነገር የማን እንደሚሆን።

ከሶንጎ እስከ ፍርድ ቤት

በጌዴኦ ጠብ ሲነሣ ፍርድ ቤት መሄድ የመጀመሪያው መንገድ አይደለም። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ጉዳይ የሚፈቱበት ሥርዓት ጥንታዊ ነው፤ በከተማም ሽምግልናው አልቀረም። የጥቂት ወር ኪራይ ለማስመለስ ጠበቃ መቅጠርና በየቀጠሮው መመላለስ ከገንዘቡ በላይ ስለሚያስወጣ፣ ሽምግልና ለነጋዴውም ያዋጣዋል። ቢሆንም ሽማግሌውም ዳኛውም መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነው፤ ምን ተባብላችሁ ነበር?

የዚህ መልስ በተከፈለበት ቀን ካልተዘጋጀ በኋላ አይገኝም። ዝግጅቱ ደግሞ ወጪ የለውም። ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ሲላክ «ከጥቅምት እስከ ኅዳር የቤት ኪራይ» ብሎ ምክንያቱን መጻፍ በቂ ማስረጃ ይሆናል። በውሉ ላይ አንድ መስመር መጨመር፣ ተከራዩ ቀድሞ ቢወጣ ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚያስታውቅና ያልኖረበት ወር እንዴት እንደሚመለስ መግለጽ፣ ግማሹን ጠብ ያስቀራል። አከራዩም ገንዘቡን ለግንባታ የሚያውለው ከሆነ ያንኑ ተናግሮ፣ ቀሪውን አዲስ ተከራይ ሲገባ እንደሚመልስ ቢያስጽፍ ከ«ከዳተኛ» ስም ይድናል። ደላላውም ኮሚሽኑን የሚቀበለው ወረቀቱ ሲፈረም እንጂ ቁልፉ ሲሰጥ ባይሆን፣ ለሚቀጥለው ወቅት ደንበኛ አያጣም።

ጌዴኦ ውስጥ ሚዛን ሳይታይ ቡና አይረከብም። የስድስት ወር ኪራይም ቢሆን የጆንያ ቡና ያህል ጥንቃቄ ይገባዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ብድር ነው።